የትራሱ ስህተት የማን እንደነበረ

ይድረስ ለታላቋ እህቴ ለእታለም አግላያ፤

ከክረምቱ ጋር እንዴት ከረምሽልኝ? እጅሽስ እንዴት ነው? ባለፈው መቀስ ስትይዢ የቀኝ አንጓሽን ይነዝረኛል ብለሽኝ ነበር። ሐኪሙ ያዘዘልሽን ማሰሪያ እያሰርሽው ነው ወይስ እንደ ልማድሽ ሥራ ያስፈታኛል ብለሽ መሳቢያ ውስጥ ወርውረሽዋል? ዓይንሽስ? ባለቤትሽ ዶሪን ወገቡ ተሻለው ወይ? ልጅሽ ኢሊንካስ ትምህርቷን በርትታለች? የቱሪን ብርድ ዘንድሮ ጠንክሯል ሲሉ ሰምቼ የሱቃችሁ የጓሮ በር እንደማይገጥም ትዝ አለኝና አሳሰበኝ። እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ዶይናም ደህና ናት፣ ጥርሷን ከተነቀለች ወዲህ ጉንጯ ጎደለ እያለች መስታወት ፊት ትቆማለች እንጂ። እኔም በአካል ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እሠራለሁ። በሌላው ግን ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም።

በስልክ ልነግርሽ አምስት ጊዜ ደውዬልሻለሁ። ድምፅሽን ስሰማ ስለ አየሩ፣ ስለ ድመታችን፣ ስለ ዶይና ጥርስ አውርቼ ዘጋሁት። አንቺም አልጠየቅሽኝም። የማወራውን ትተሽ የማላወራውን ስታዳምጪ እንደነበር የገባኝ አሁን ነው። እንግዲህ በወረቀት ይሁን አልኩ፤ ወረቀት ፊቴን አያየኝም። ከወር በፊት ትራሶቹ እንዴት ሆኑ፣ ልጆቹ ወደዷቸው ወይ ብለሽ ጽፈሽልኝ መልስ ነፈግኩሽ። ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም እታለም፤ አፍሬ ነው።

ትራሶቹን ስትሰፊልኝ ምን እንደሆኑ እንኳ በቅጡ አላስረዳሁሽም። ለትምህርት ነው ብዬ አለፍኩሽ። አንድ የተማረ ሰው ለእህቱ ይህችን ለማስረዳት ትዕግሥት ማጣቱም ጥፋት ነውና ከዚያው ልጀምር።

እኔ የማስተምረው ብረትና ካርቦን ተያይዘው የሚሠሩትን ነገር ነው። ያ ሽታ የሌለው ጋዝ፣ ምድጃ ሲታፈን ቤተሰብ በተኛበት የሚጨርሰው፣ እሱ ካርቦንና ኦክስጅን ነው። ይህ ጋዝ ብረት ሲያገኝ ይይዘዋል፣ በቀላሉም አይለቀውም። ለምን አይለቀውም የሚለውን ነው ልጆቹ መረዳት የሚያቅታቸው። በኤሌክትሮን ነው የሚያያዙት። ኤሌክትሮን ግን ዶቃ አይደለም፣ ቅርጽ ያለው ደመና በይው። ደመናውም ጎንና ጎን አለው፤ አንዱን ቀይ፣ አንዱን ነጭ ብለን እንቀባዋለን። ቀዩ ከቀይ፣ ነጩ ከነጭ ሲገጥም ይያያዛሉ። ቀይ ከነጭ ከገጠመ አይያያዙም፣ እንዲያውም ይገፋፋሉ። ጋዙ ከፊት ለፊት ለብረቱ ይሰጣል፤ ብረቱ ደግሞ ባዶ እጁን አይቀመጥም፣ በላይና በታች በኩል አድርጎ ይመልስለታል። እናታችን የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም እያለች የቼሪ ማርማላታ ሞልታ ትልከን የለ? እንደዚያ ነው። ሰጥቶ መቀበሉ ነው አጥብቆ የሚያስራቸው።

ይህንን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሃያ ዓመት ሣልኩት። ልጆቹም ሃያ ዓመት ሙሉ ሳይገባቸው ገልብጠው ሸመደዱት። ታዲያ አምና በእጃቸው ቢይዙትስ አልኩና በወረቀት ሥዬ ላንቺ ላክሁ። አንቺም አሥራ አራት ትራስ፣ ጥጥ ተጠቅጥቆበት፣ ቀይና ነጭ፣ በየጫፉ መያዣ ቁልፍ ተተክሎበት፣ በሁለት ካርቶን አድርገሽ ላክሽልኝ። እታለም፣ ያን ቀን ብታይ! ጠረጴዛውን ሁሉ ወደ ግድግዳ ገፋን። አንዱ ልጅ ብረት ሆኖ ባለ አራት ቅጠሉን ትልቅ ትራስ ደረቱ ላይ አስሮ መሐል ቆመ። ሌሎቹ ጋዝ ሆነው ተራ በተራ እየመጡ ቀዩን ከቀይ፣ ነጩን ከነጭ እያቆላለፉ ይያያዙታል። ያልገጠመለት ይገለበጣል፣ ይዞራል፣ ይሳቅበታል። ብረት የሆነው ልጅ ይሄን ሁሉ አቅፌ ደመወዝ የለኝም ወይ እያለ ሲያስቃቸው ነበር። በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ እኔ በአንድ ዓመት ያላስረዳሁትን አንቺ በመርፌ አስረዳሽው።

ወሬው ተሰማና የፋኩልቲው ሰዎች ሊያዩ መጡ። የክፍላችን ኃላፊ ፕሮፌሰር ዛምፊራም መጡ። ሲያመሰግኑ የማይታወቁ ሴት ናቸው፤ ያን ቀን ግን ትራሱን አገላብጠው አዩና እንዴት ያለ ሥራ ነው፣ ማን ሠራው ብለው ጠየቁ። እኔም እኔ ነኝ አልኩ። እታለም፣ እኔ ነኝ አልኩ። ሐሳቡን ማለቴ ነው ብዬ ራሴን ላታልል ሞክሬያለሁ፣ ግን ሴትዮዋ የጠየቁት ስፌቱን እየዳሰሱ ነበር። ስምሽ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ተመለሰ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት ማለት ያን ያህል ከብዶኝ ነው መሰለኝ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በክፍሌ ውስጥ ስማራንዳ የምትባል ልጅ አለች። ከወደ ቦቶሻኒ ገጠር የመጣች፣ ጠዋት ጠዋት ዳቦ ቤት የምትሠራ፣ ወደ ክፍል ስትገባ ፀጉሯ ላይ ዱቄት የማይጠፋባት ልጅ ናት። በመጽሐፍ ደካማ ናት፣ እውነቱን ለመናገር። ከትራሶቹ ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆነች። ከሰዓት በኋላ ላቦራቶሪውን አስከፍታ ብቻዋን መሬት ላይ ተቀምጣ ስታጋጥም፣ ስታላቅቅ፣ ደብተሯ ላይ ስትሥል አየኋት። ፈተናዬን ሁለት ጊዜ ወድቃ ይህ የመጨረሻ ዕድሏ ነበር። ይሄን ከወደቀች መንግሥት የሚከፍልላት ቦታ ይሄዳል፣ ቦታው ከሄደ ደግሞ ወደ ቤቷ ከመመለስ ሌላ ምርጫ የላትም። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር።

የፈተናው ቀን እንደ ወጉ የጥያቄ ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ገልብጬ ደረደርኩ። ስማራንዳ አማተበችና አንዱን አነሳች። ብረት በመሐል ቆሞ ሁለት ጋዝ በግራና በቀኝ ፊት ለፊት ቢይዙት፣ ብረቱ በአንዱ ደመናው ለሁለቱም ሲመልስ እንዴት ሆነው ይቆማሉ የሚል ጥያቄ ነበር። ልጅቷ ሳቀች፤ የምታውቀው ነው የደረሳት። ሰሌዳው ላይ ቀጥ ባለ መስመር አሳምራ ሣለችው። ሁለቱንም ጋዞች ቀዩን ወደ ላይ፣ ነጩን ወደ ታች አድርጋ። ልክ አልነበረም። አንደኛው ቀጥ ብሎ ሲቆም ሌላው መገልበጥ አለበት፣ ምክንያቱም በብረቱ አራት ቅጠሎች ላይ ቀዩ ከቀይ ጋር የሚተያየው በሰያፍ ነው እንጂ ጎን ለጎን አይደለም።

ይሄን ከየት አመጣሽው አልኳት። ከትራሱ ነው መምህር አለችኝ፣ ፊቷ ላይ ጥርጣሬ የሚባል ነገር ሳይታይ። እኔም ተራ የሚጠብቁት ልጆች ሁሉ እየሰሙ፣

"ልጄ፣ ትራስ ለእንቅልፍ ነው፤ አንቺም የተጠቀምሽበት ለዚያው ነው" አልኳት።

ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቄን አልያዝኩም። ከአሥር አራት ጻፍኩላት፤ ለማለፍ አምስት ይበቃት ነበር። ጠመኔውን አስቀመጠች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓደኞቿ ትራስ እያሉ እንደሚጠሯት በኋላ ሰማሁ።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ አንድ ነገር ከነከነኝ። ላቦራቶሪ ገባሁና ትልቁን ትራስ ጠረጴዛ ላይ አስተኝቼ ሁለት ጋዝ በግራና በቀኝ አቆላለፍኩበት። ሁለቱም ቀያቸውን ወደ ላይ አድርገው ግጥም አሉ። እታለም፣ በትራሱ ላይ ሁለቱ የላይኞቹ ቅጠሎች ቀይ ናቸው፣ ሁለቱ የታችኞቹ ነጭ። ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ በአንድ በኩል ብቻ ስለምናያይዝ ስህተቱ ታይቶ አያውቅም። ልጅቷ ብቻዋን ተቀምጣ ከዚያ አልፋ ሄደች። እኔ ያላሰብኩትን አስባ ሁለት ጋዝ አያያዘች፣ ትራሱም የሠራሁላትን ውሸት ነገራት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ከትራሱ ጀርባ ባለው ኪስ ውስጥ ሥዕሌን አገኘሁት። አንቺ መቼም የደንበኛን ወረቀት ከሥራው ጋር በመርፌ ቁልፍ ሳትሰኪ አትመልሺም፤ እናታችንም እንዲሁ ነበረች፣ ነገ ክርክር ቢመጣ ወረቀት ይናገራል ትል ነበር። ወረቀቱ ተናገረ። የራሴ እጅ፣ የራሴ ቀለም። እንዴት እንደተሳሳትኩ እንኳ በግልጽ ይታያል። እናታችን ሸሚዝ ስትቆርጥ ግማሹን ሥላ ጨርቁን ለሁለት አጥፋ አይደል የምትቆርጠው? እኔም ልጇ ነኝና ቀኙን ግማሽ ሥዬ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ወረቀቱን መሐል ለመሐል አጥፌ ተጫንኩት። ግራው ከቀኙ ታተመ። ለሸሚዝ ያ ልክ ነው፤ ለብረቱ ግን ግራው የቀኙ ተቃራኒ ቀለም መሆን ነበረበት። በሁለት ደቂቃ ስንፍና ሠራሁት።

እዚህ ላይ የምጽፈውን አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ግን በራሴ እጅ መጻፍ አለብኝ። ትራሱን ከመስፋትሽ በፊት ደውለሽልኝ ነበር። ከወረቀቱ ጋር ከመጽሐፍ የቀዳሁትን ትንሽ ሥዕልም ልኬልሽ ነበርና ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገሽ አይተሽ፣ ሴቬር፣ በትንሹ ላይ ቀዩ በሰያፍ ነው፣ በትልቁ ላይ ግን ጎን ለጎን ነው፣ የቱን ልከተል አልሽኝ። ስምንተኛ ክፍል ላይ እኔን ልታስተምሪ ከትምህርት የወጣሽው እህቴ፣ ዶክተሩ ያላየውን አየሽ። እኔስ ምን መለስኩልሽ? ይሄ ያንቺ ነገር አይደለም፣ አንቺ ብቻ እንደ ወረቀቱ ስፊ አልኩሽ። እሺ አልሽ። ስልኩን ስዘጋ ድምፅሽ ዝቅ ማለቱን ሰምቼ ነበር። ሰምቼ ወደ እራቴ ሄድኩ።

ያኔውኑ ወረቀቱን ይዤ ወደ ዛምፊራ ብሮጥ ኖሮ ይህ ደብዳቤ ባላስፈለገ። እኔ ግን ወረቀቱን አጥፌ የኮቴ የውስጥ ኪስ ከተትኩት። ነገ እናገራለሁ አልኩ። በሦስተኛው ቀን ስማራንዳ ይግባኝ አስገባች፤ መምህሩ ባቀረበው መማሪያ እንዳየሁት ነው የመለስኩት ብላ። ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቀመጠና እኔም እሷም ተጠራን። ትራሱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ዛምፊራ ሁለት ጋዝ አያያዙበት፣ አገላብጠው አዩት፣ ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ይህ እንዴት ሆነ አሉኝ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ መለስኩ። ሥዕሉ ትክክል ነበር፣ የሰፋችው እህቴ ናት፣ ጣሊያን አገር ያለች ልብስ ሰፊ ናት፣ ብዙም አልተማረችም፣ ቀለሙን አምታታችው አልኩ። እንዲህ ነው ያልኩት፣ አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ሲያሞግሱ ጊዜ ሠሪው እኔ ነበርኩ፤ ሲያፈርሱ ጊዜ አንቺ ሆንሽ። ስማራንዳ አንዴ ቀና ብላ አየችኝና እንደገና ጫማዋን ማየት ጀመረች።

ዛምፊራ ደንቡን አስረዱ። ሥዕሉ ተሳስቶ ከሆነ ትምህርቱ ተሳስቷል ማለት ነው፣ ውጤቱ ይሰረዛል፤ የተሳሳተው ስፌቱ ብቻ ከሆነ ግን ልጅቷ ከደብተሯ ጋር ማመሳከር ነበረባት፣ ውጤቱ ይጸናል። ስለዚህ ሰፊዋ በጽሑፍ ቃሏን ትስጥ፣ አድራሻዋን አምጣ አሉኝ። ሰጠሁ። ምን ላድርግ፣ አድራሻዋን አላውቅም ልበል? እንደማትመልሺ ተስፋ አደረግሁ። ከመለስሽም እውነቱን ትናገሪያለሽ፣ እኔም ከመናገር እተርፋለሁ ብዬ አሰብኩ። እንግዲህ እንዲህ ያለ ወንድም ነው ያሳደግሽው።

በመሐሉ ማርች አንድ ሆነ። በኛ በኩል ለጸደይ መግቢያ ሴቶቹ ለወንዶች ቀይና ነጭ ክር ደረት ላይ እንደሚሰኩ መቼም አትረሺም። በልማዴ ዳቦ ልገዛ የገባሁበት ቤት ውስጥ ከባንኮኒው ኋላ ስማራንዳ ቆማለች። እዚያ እንደምትሠራ አላውቅም ነበር ብል ማንም አያምነኝም፤ እውነቱን ለመናገር፣ እግሬ የወሰደኝ ልነግራት ነበር። ዳቦውን ጠቀለለችልኝ። ለገባው ሁሉ እንደምታደርገው ከሳጥኑ አንድ ክር አውጥታ፣ ጎንበስ ይበሉ እንኳ ሳትለኝ፣ ኮቴ ላይ ሰካችልኝና መልካም ጸደይ መምህር አለችኝ። ክሩን የሰካችው ወረቀቱ ካለበት ኪስ በላይ ነበር። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው አመሰግናለሁ ብቻ ሆነ። ዳቦውን ሳልቆርሰው ቤት አስገባሁት።

ዶይና ምን ሆነሃል ብላ ጠየቀችኝ፤ እሷንም ዋሸኋት። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባል የለ?

ባለፈው ሰኞ ኮሚቴው እንደገና ጠራን፤ የሰፊዋ ቃል ደርሷል ተብሎ። ዛምፊራ ፖስታውን ቀደው ጮክ ብለው አነበቡት። ያንቺ ጽሑፍ መሆኑን ገና ሳይነበብ፣ ከተጣበቀው ቴምብር፣ ቀጥ ካለው የጽሑፍሽ መስመር አወቅሁት። እንዲህ ይላል፦ "ቀዩንና ነጩን ያምታታሁት እኔ ነኝ። የዚያን ሰሞን ዓይኔ ደክሞ ነበር። ወንድሜ የላከልኝ ሥዕል ትክክል ነበር፤ ሥራው ሲያልቅ ወረቀቱን ጣልኩት። ልጅቷን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ወንድሜ ጥንቁቅ ሰው ነው።"

እታለም፣ ማንም ሳይለምንሽ። እኔ እንኳ ደውዬ ሳልለምንሽ። ደብዳቤያቸውን አንብበሽ፣ ወንድምሽ በስምሽ እንደዋሸ ከዚያ ተረድተሽ፣ ልታስተካክይው ስትችይ ውሸቴን ተሸክመሽ ፈረምሽበት። አንድም ቀን በስልክ አላነሳሽብኝም። ያ ሲነበብ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። ኮሚቴው ተነፈሰ፤ አንዱ ሰውዬ እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ነው ብሎ እስክሪብቶውን አነሳ። እኔ ግን አሁንም ዝም ብዬ ነበር። ይህንንም ልደብቅሽ አልፈልግም። ያን ሁሉ ሰምቼ እንኳ ዝም ብዬ ተቀምጬ ነበር።

የተናገረችው ስማራንዳ ናት። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

"ይቺ ሴት እውነቷን አይደለም" አለች። "እናቴ ሰፊ ናት። ሰፊ የደንበኛን ወረቀት አትጥልም።"

ዛምፊራ ወደ እኔ ዞሩ። እጄ ራሱ ሄደና ወረቀቱን ከኪሴ አወጣው። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። የመርፌ ቁልፍሽ አሁንም ተሰክቶበት ነበር፤ የእጥፋቱ መስመር መሐል ለመሐል፣ ከግራው ላይ የታተመው ቀለም ደብዘዝ ብሎ። ይህ የእኔ እጅ ነው አልኩ። እህቴ ልክ አይደለም ብላ ደውላልኝ ነበር፣ ዝም ብለሽ ስፊ ያልኳት እኔ ነኝ አልኩ። ባለፈው የዋሸሁትም እኔ ነኝ፣ አሁን የተነበበውም ለእኔ ሲባል የተዋሸ ነው አልኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔ እውነት ግን በራሱ አልጠራም፣ ዳቦ ቤት የምትሠራ ልጅ ጎትታ ነው ያወጣችው።

ዛምፊራ ወረቀቱን አንስተው አዩት። "ሴቬር፣ ስህተቱ ምንም አልነበረም። በየዓመቱ እሳሳታለሁ እኔም" አሉ፤ ከዚያ ወረቀቱን ወደ ፋይሉ ከተቱት። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሰላምታ ይሰጡኛል፣ ግን አይቆሙም።

የስማራንዳ ውጤት ተሰረዘና ሐሙስ ዕለት ራሳቸው ዛምፊራ ፈተኗት። ዘጠኝ አገኘች። ቦታዋም ተረፈላት። የእኔን ኮርስ እስከሚቀጥለው ዓመት ወስደውብኛል፣ ማስጠንቀቂያም ጽፈውብኛል፤ ሲያንሰኝ ነው። ዓርብ ዕለት ክፍሉ ሞልቶ ሳለ ገብቼ፣ ትራስ ለእንቅልፍ ነው ያልኩትን ቃል ይቅርታ ጠየቅሁ። የተኛሁት እኔ ነበርኩ፣ እሷ ነቅታ ነበር አልኳቸው። ማንም አልሳቀም። አንዳንዶቹ ጠረጴዛቸውን ያዩ ነበር፤ ትራስ እያሉ ሲጠሯት የከረሙት ሳይሆኑ አይቀሩም።

ኮሪደር ላይ ስማራንዳን አስቆምኳት። ቂም የለኝም አለችኝ። ሌላ ነገር ለማለት እንደፈለገች ገብቶኝ ጠበቅኋት። ደብተሯን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ፣

"የኔን ውጤት መለሱልኝ፤ የእህትዎን ስም ማን ይመልስላቸዋል?" አለችኝ።

ቤቴ ገብቼ ለዶይና ሁሉንም ነገርኳት። አግላያን እንዲህ ካደረግሃት እኔንስ ምን ታደርገኝ ነበር ብላ ተነሥታ ወደ ጓዳ ሄደች። እሷም ልክ ናት። ከዚያ በኋላ ይህን ወረቀት አወጣሁ።

እታለም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ ብዬ ለመጻፍ ስነሳ አንድ ነገር ከለከለኝ። አንቺ ይህን ደብዳቤ ሳትጨርሺ ይቅር ብለሽኛል፣ አውቅሻለሁ። በልጅነቴ የሰበርኩትን መስኮት የሰበርኩት እኔ ነኝ ብለሽ በአባታችን ከተገረፍሽልኝ ጊዜ ጀምሮ እንዲሁ ነሽ። እኔም ለምጄዋለሁ፤ ችግሩ እሱ ነው። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፣ አሁንም ከኋላዬ ቆመሽ የምትገረፊልኝ ይመስለኛል። ስለዚህ የምለምንሽ ይቅርታውን አይደለም። ሁለተኛ ስለ እኔ አትዋሺ። ብወድቅም ልውደቅ፤ ይሄን ብቻ እሺ በዪኝ። ተቆጪኝ፣ ደውለሽ ስደቢኝ፣ ወር ሙሉ ስልኬን አታንሺ፣ የፈለግሽውን አድርጊ፤ ግን ምንም አይደለም አትበዪኝ። ብዙ ነገር ነው።

ኮሚቴው ስፌቱ ሥዕሉን በትክክል ተከትሏል፣ ሰፊዋም አስቀድማ ስህተቱን አመልክታ ነበር የሚል ደብዳቤ እንዲጽፍልሽ ጠይቄ ዛምፊራ ፈርመውበታል፤ ከዚህ ጋር አብሮ አለልሽ። ሙሉ ስምሽ በላዩ ላይ አለ።

ዶሪንን ሰላም በዪልኝ፤ ወገቡን ሳያሞቅ ወደ ሥራ እንዳይወጣ። ለሲኞራ ኦርኔላም ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ትራሶቹን ስትሰፊ የሱቋን ትልቁን የስፌት መኪና ስለፈቀደችልሽ አላመሰገንኳትም ነበር፣ አሁን አመሰግናታለሁ። ዶይና እጅሽን እየሳመች ሰላም ትልሻለች፤ ከእኔ ጋር ተኮራርፋ ቢሆንም ይህን ብቻ ጻፍ ብላኛለች። ኢሊንካን አጥብቀሽ ሳሚልኝ። የላክሁላትን የትራሶቹን ፎቶግራፍ አጎቴ የሠራቸው ናቸው ብላ ክፍሏ ውስጥ ለጥፋዋለች ብለሽኝ ነበር። አታስነሺያት፣ ይለጠፍ፤ ትራሶቹን እናትሽ ናት የሠራቻቸው፣ አጎትሽ የሠራው ስህተቱን ብቻ ነው ብለሽ ንገሪያት።

ወንድምሽ ሴቬር

ያሺ፣ ማርች 9 ቀን 2019